«ስለ ብዝኃነት ምን ልጻፍ?» ላልሽው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አንብቤው ሳልመልስ አደርኩ፤ በሁለት መስመር የሚያልቅ አልመሰለኝም። የቋንቋ መምህርነት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነሽ፣ «ብዝኃነትና ማንነት በክፍል ውስጥ» በሚል ርዕስ የራስሽን አስተያየት ጽፈሽ ልታስረክቢ ነው፤ ለልምምድ የምትገቢበት ክፍል ልጆች ደግሞ ቤታቸው የሚናገሩት ቋንቋ ለየቅል ነው። «ሁሉንም እኩል አያለሁ ብዬ ልጻፍ ወይስ የባህል ቀን አዘጋጃለሁ ልበል? ደግሞስ የማስተምረው ቋንቋ የአፍ መፍቻዬ ሳይሆን ማን ይቀበለኛል?» ብለሻል። እኔ እንግሊዝኛ ሳስተምር 14 ዓመት ሆኖኛል። ካበላሸሁት ልጀምር።

በመጀመሪያው ዓመቴ ቤተሰቡ ከሌላ አገር የመጣ ልጅ ክፍሌ ገባ፤ 12 ዓመት ቢሆነው ነው። አቀባበል ያደረግኩለት መስሎኝ በሁለተኛው ሳምንት አስነሣሁትና «እስቲ በእናንተ አገር ሠርግ እንዴት እንደሚደገስ ንገረን» አልኩት። ቆመ። የደብተሩን ጥግ በአውራ ጣቱ ሲያጥፍ ሲዘረጋ ቆየና «አላውቅም» አለ። ቋንቋው አስቸግሮት ነው ብዬ ጥያቄውን ቀለል አድርጌ ደገምኩለት። ከኋላ አንዱ ሳቀ። ልጁ ከዚያ አገር የወጣው በሦስት ዓመቱ እንደሆነ የሰማሁት በኋላ ነው። እኔ ስለ እሱ የማውቀው ፓስፖርቱን ብቻ ነበር፤ እሱንም ሳላየው። ከዚያ ወዲያ ግማሽ ዓመት ሙሉ እጁን አላወጣም።

ስለዚህ የባህል ቀኑን እርሺው አልልሽም፤ ፈልጎ የሚያቀርብ ካለ ያቅርብ። ግን ማንንም ልጅ የአገሩ አምባሳደር አድርገሽ አታስነሺ። ኳስ የሚወድ ልጅ ስለ ኳስ ይጻፍ። ስለ አያቱ መጻፍ ያማረው ቀን ራሱ ይጽፋል።

«ሁሉንም እኩል አያለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ለጽሑፍ ያምራል፤ ክፍል ውስጥ ግን ያሳስታል። ካናዳዊው ምሁር ጂም ከሚንስ እ.ኤ.አ. በ1979 የመግባቢያ ቋንቋና የትምህርት ቋንቋ የሚባሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንዳሉ ጽፏል። አዲስ መጤ ልጅ በሁለት ዓመት ገደማ ከጓደኞቹ ጋር እንደልቡ ያወራል፤ የመማሪያ መጽሐፉን ቋንቋ እንደ እኩዮቹ ለመያዝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ዓመት ይፈጅበታል። በእረፍት ሰዓት ሲያወራ ሰምተሽው ፈተና ላይ አንድ አንቀጽ ሲያቅተው «ሰነፍ ነው» ማለት ይመጣል። እኔ በመምህራን ክፍል ይህንኑ ብያለሁ፤ ያውም ጮክ ብዬ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ልጆች በክፍልሽ ውስጥ ማን መሆናቸውን የሚያውቁት ግድግዳ ላይ ከምትለጥፊው ባንዲራ ሳይሆን ስታርሚያቸው ነው። አንዲት ቱርክኛ ተናጋሪ ተማሪ ነበረችኝ፤ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሯ ግሡ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው፣ «እኔ» የሚለውን ቃል ደግሞ ትዘለዋለች። ደብተሯን ቀይ በቀይ አደረግኩት፤ ለውጥ የለም። አንድ ቀን መረረኝና «ቤት ውስጥ እንዴት ነው የምትይው?» ብዬ ጠመኔውን ሰጠኋት። «ቤን ኤልማ ዬዲም» ብላ ጻፈች፤ እኔ ፖም በላሁ። ከመስኮቱ በኩል ያለው ጃፓናዊ ልጅ ሳይጠራ ተነሣና ከሥሩ «ዋታሺ ዋ ሪንጎ ኦ ታቤማሺታ» ብሎ ጨመረ። እሱም ፖሙን መሐል፣ መብላቱን መጨረሻ ላይ ነው ያደረገው። ሦስተኛውን መስመር እኔ ጻፍኩ፤ «እኔ ፖም በላሁ»፣ በአማርኛ።

ሰሌዳውን እያየን ቀስት መሳል ጀመርን። የ«ዬዲም» መጨረሻ ላይ ያለችው «ም» «እኔ» ማለት ናት፤ የእኛ «በላሁ» ላይ ያለችው «ሁ» እንደምትሠራው ማለት ነው። ተናጋሪው ግሡ ውስጥ ስላለ «ቤን»ን ብትዘልም ቱርክኛው አይጎድልበትም። የእንግሊዝኛው ግሥ ግን ባዶውን ነው የሚሄደው፤ ማን እንደበላ በራሱ አይናገርም። ልጅቷ «አሃ፣ ለዚህ ነው!» አለች። ስሕተቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠፋ ብልሽ ውሸት ነው፤ ግን ስታርመው ራሷ ፈገግ ትል ጀመር። ስሕተቷ ከስንፍና ሳይሆን ከምታውቀው ነገር የመጣ መሆኑን አየቻ።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። በዌልስ ኬን ዊልያምስ የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተማሪዎች በአንዱ ቋንቋ አንብበው በሌላው የሚጽፉበትን የማስተማር ዘዴ በዌልስኛ ስም አውጥቶለታል፤ ዛሬ ትራንስላንጉዌጂንግ የሚባለው እሱ ነው። ጽሑፍሽ ውስጥ ልትጠቅሺው ትችያለሽ። «ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ!» የሚል ማስታወቂያ በር ላይ ለጥፌ እንደነበርም ልናዘዝ።

የሦስተኛው ጥያቄሽ፣ የ«ማን ይቀበለኛል?»፣ ግማሽ መልስ እዚያው ሰሌዳ ላይ ነው። ሦስተኛውን መስመር በራሴ ቋንቋ መጻፍ የቻልኩት እንግሊዝኛውን እንደ እነሱ ተምሬ ያገኘሁት ስለሆነ ነው፤ የት እንደሚያደናቅፍ እግሬ ያውቀዋል። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው የቋንቋ ደረጃ መለኪያ (ኤዋን፣ ቢቱ እያልን የምንጠራቸውን ደረጃዎች የያዘው) እ.ኤ.አ. በ2018 ተጨማሪ ጥራዝ ሲወጣለት የድምፅ አወጣጥ ክፍሉ እንደገና ተጽፏል። እንደ አፍ መፍቻ ተናጋሪ መምሰል ቀርቶ ዋናው ነገር ሰሚው በቀላሉ መረዳቱ ሆኗል።

ይህን ስልሽ ግን ማንም አያስቀይምሽም ማለቴ አይደለም። አንድ ወላጅ እኔው ፊት «እውነተኛ ተናጋሪ የለም ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። ዳይሬክተሩ ዝም አሉ፤ ከጥያቄው ይልቅ ያ ዝምታ ነው ያንገበገበኝ። ቋንቋሽ ላይ መሥራትሽን ደግሞ አትተዪ። እኔ እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት አንድ ገጽ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ቅላጼዬን ለመደበቅ ሳይሆን ቃላቱ ሲፈለጉ ቶሎ እንዲመጡልኝ ነው።

ስለ ስም አንድ ነገር ብቻ፦ መጀመሪያ ቀን ስም መጥሪያውን አንቺ አታንብቢው። እነሱ ይጥሩት፣ አንቺ በሚገባሽ ፊደል በእርሳስ ጻፊው። በእርሳስ ያልኩት አንዳንዱን ሁለቴ ስለምታርሚው ነው። ለመጥራት ይቀለኛል ብለሽ አታሳጥሪ።

ለጽሑፍሽ የትርጉም መዓት ከመደርደር አንቺ ራስሽ ተማሪ ሳለሽ የታረምሽበትን አንድ ቀን ብትጽፊ ይሻላል። ማን አረመሽ፣ ምን ብሎ፣ ከዚያ በኋላ አፍሽን ለመክፈት ስንት ቀን ፈጀብሽ? ረቂቁን ስትጨርሺ እዚሁ ለጥፊው፤ ቀይ እስክሪብቶ ሳልይዝ አነበዋለሁ።