አዲሱን ጠመንጃ ከመነካካታችሁ በፊት

እዚህ ዳላስ አካባቢ ያላችሁ ወጣቶች ሰሞኑን ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ። «ጋሼ፣ የመጀመሪያ ጠመንጃዬን ልገዛ ነው። ሃያ ሁለት ካሊበር፣ ሌቨር አክሽን። ምን ማሻሻያ ባስደርግባት ይሻላል?» ዕድሜዬን በጠመንጃ ጥገና ስለጨረስኩ መልስ አላጣም። መልሴ ግን ብዙዎቻችሁን ቅር ያሰኛል፦ ለጊዜው ምንም አታስደርጉባት።

ምርጫችሁ ጥሩ ነው፤ ሌቨር አክሽን ማለት ቃታው ሥር ያለውን ማንሻ ወደ ታች እየገፋችሁና እየመለሳችሁ ጥይት የምታጎርሱባት ናት። ማርሊን የተባለው ፋብሪካ የዚህ ዓይነቷን ጠመንጃ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው፤ እስከ ዛሬም ገበያዋ አልቀዘቀዘም። ዛሬ አዲስ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ሄንሪን ወይም ብራውኒንግ ቢኤል-22ን ይዞ ይወጣል። የብራውኒንጓ ማንሻ 33 ዲግሪ ብቻ ስለሚወርድ ፈጣን ናት። የሄንሪዋ ዋጋዋ ቀለል ይላል። ሁለቱም አያሳፍሩም።

ስለ ሕጉ አጠር ላድርገው። በፌዴራል ሕግ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ረጅም ጠመንጃ የሚሸጠው 18 ዓመት ለሞላው ነው፤ 21 የሚጠይቁ ስቴቶችም አሉ። ፎርም 4473 የሚባለውን የግዢ ቅጽ ትሞላላችሁ፣ የኋላ ታሪካችሁም ይመረመራል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያላችሁ፣ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆኑ በቀር አይፈቀድላችሁም። «ጓደኛዬ በስሙ ይግዛልኝ» የሚባል ነገር ደግሞ የፌዴራል ወንጀል ነው። በቀልድም አታንሱት።

ሱቅ ውስጥ ሻጩ ከፍቶ ባዶ መሆኗን ያሳያችሁ። ከዚያ አፈሙዙን ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ጠርዙ ላይ ጭረት ካለ ሌላ ይምጣላችሁ። ባዶዋን ቃታ ለመሳብ ግን አትቸኩሉ። የሃያ ሁለት ጥይት ባሩዱን የምትለኩሰው ቅመም ያለችው መሀሉ ላይ ሳይሆን በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ነው፤ መምቻዋም ጠርዙን ነው የምትመታው። ጥይት ከሌለ በአንዳንድ ጠመንጃዎች ላይ የምታርፈው በራሱ በበርሜሉ የኋላ አፍ ላይ ነው። እየቆየ ይጎዳዋል። የናንተዋ ትችለው እንደሆነ መመሪያው ይነግራችኋል።

ቤት ስትገቡ የፋብሪካውን ቅባት ጠረግ ጠረግ አድርጉላት፤ ይበቃታል። አገር ቤት አባቶቻችን ምንሽራቸውን ሲወለውሉ ያያችሁ ልጆች ዘይት ታበዛላችሁ። እነሱ ልክ ነበሩ፤ የዚያን ጊዜ ጥይት በርሜል የሚያዝግ ቅሪት ይተው ነበር። የዛሬው ሃያ ሁለት ግን አይተውም። ደግሞም ሄንሪንና ብራውኒንግን ሳትፈቱ ከኋላ ዘንግ ማስገባት አይቻልም። ከአፈሙዝ ሲገባ ደግሞ ያችኑ ጠርዝ ይበላታል። ከኋላ ወደ ፊት የሚጎተት የመወልወያ ገመድ ግዙና ተገላገሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጠመንጃችሁን የሚያስተካክለው መፍቻ ሳይሆን ጥይት ነው። እያንዳንዱ በርሜል የሚወደው ጥይት አለው፤ ሁለት መንትያ ጠመንጃዎች እንኳ ምርጫቸው ይለያያል። ስለዚህ አራት አምስት ዓይነት ጥይት ገዝታችሁ ኢላማ ተኩስ ቦታ ሂዱ። ሲሲአይ ስታንዳርድ ቬሎሲቲ አንዱ ይሁን፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 1070 ጫማ ገደማ ስለሆነ ከድምፅ ፍጥነት አያልፍም። ኢላማውን 25 ያርድ ላይ ስቀሉ። የጠመንጃዋን እንጨት አሸዋ በተሞላ ከረጢት ላይ አሳርፉ፤ በርሜሉን ግን አታስነኩት። ዓይነት በቀየራችሁ ቁጥር መጀመሪያ ጥቂት ጥይት በባዶ ወረቀት ተኩሱ፤ የቀድሞው ጥይት የተወው ሰም ከበርሜሉ ይውጣ። ከዚያ አምስት አምስት።

ወረቀቱን ስታዩ መሀሉን የመታውን አትፈልጉ። አምስቱ ቀዳዳዎች ተቃቅፈው የተቀመጡበትን ፈልጉ፤ ጥግ ላይም ቢሆን። ጥግ ላይ ያለውን ወደ መሀል ማምጣት ቀላል ነው፤ የተበተነውን ግን ማነጣጠሪያ አይሰበስበውም። ጥይቱ ወደ ቀኝ እንዲሄድ ከፈለጋችሁ የኋላውን ማነጣጠሪያ በነሐስ ዘንግ ወደ ቀኝ ጠቅ ጠቅ አድርጉት። ከፍ እንዲል ከሥሩ ያለችውን ባለ ደረጃ ብረት አንድ እርከን አንሱ። የፊተኛውን አትንኩ።

«ትነክሳለች፣ ጥይት ትይዛለች» የሚለውን ስሞታ አውቀዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእጅ ነው። ማንሻውን እየፈራችሁ በግማሽ ትመልሱታላችሁ። እስከ መጨረሻው ግፉት፣ እስከ መጨረሻው መልሱት። ቃታው ከበዳችሁም ታገሱ፤ ጥቂት መቶ ጥይት ሲያልፍባት አካሏ ይለሰልሳል። ከኢንተርኔት ቀላል ሞላ አዝዛችሁ የምትቀይሩ ሰዎች መጨረሻችሁ የኔ ሱቅ ነው፦ ሞላው ከላላ መምቻዋ የቀለሁን ጠርዝ በኃይል አትመታም፣ ጥይቱም ይከሽፋል። ሲከሽፍ ደግሞ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳደረጋችሁ ሠላሳ ሰከንድ ጠብቁ፤ ዘግይቶ ሊተኮስ ይችላል።

አንድ ነገር ላይ ግን ችኮ ነኝ። ጥይት ስታራግፉ ጥይቱ የሚደረደርበትን ትቦ ማውጣት አይበቃም። አንድ ጥይት ውስጥ ልትቀር ትችላለች። ማንሻውን ደጋግማችሁ ግፉና መልሱ፣ በዓይናችሁ እዩ፣ በጣታችሁ ዳስሱ።

የምትወደውን ጥይት ካገኛችሁ በኋላ ሳጥኑ ላይ ያለውን የሎት ቁጥር፣ ማለትም በአንድ ዙር የተመረተ ጥይት መለያ፣ በስልክ ፎቶ አንሱ። ያው ስም ቢሆንም ሎቱ ሲቀየር ውጤቱ ሊቀየር ይችላል። ሱቁ ያንኑ ቁጥር ካለው፣ ለስኮፕ (ለማነጣጠሪያ መነጽር) ያስቀመጣችሁትን ገንዘብ እዚያ ላይ አውሉት።