ከፓይተን ውስጥ አፕልስክሪፕት ኮምፓይል ማድረግና ማስኬድ፦ ጥያቄና መልስ

ማክ ላይ ፕሮግራሞችን በአፕልስክሪፕት እያዘዛችሁ ዋናውን ሥራ ግን በፓይተን፣ በሩቢ ወይም በፐርል ለምትጽፉ ሰዎች ነው የምመልሰው። ምሳሌዎቼ በፓይተን ናቸው፤ በሌሎቹም አካሄዱ ያው ነው።

ጥያቄ፦ ሁሉንም በፓይተን መጻፍ እየተቻለ አፕልስክሪፕት ለምን ያስፈልጋል?

ፋይል ለማንበብ ወይም ቁጥር ለማስላት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የተከፈተን ፕሮግራም ከውስጡ ማዘዝ ሲፈለግ ነው፤ ሜይል ላይ የተመረጠውን መልእክት ርዕስ መጠየቅ፣ ፋይንደር ላይ የተመረጡትን ፋይሎች ማወቅ የመሳሰሉት። ይህ የሚካሄደው አፕል ኢቨንት በሚባል መልእክት ሲሆን፣ አፕልስክሪፕት ከ1993 ጀምሮ ለዚሁ የተሠራ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙን ማናገር ለእሱ ይሁን፣ የቀረውን ሁሉ ለፓይተን ተዉት። አፕልስክሪፕት ውስጥ ጽሑፍ መሰንጠቅና ዝርዝር መደርደር የጀመረ ሰው ያለ ምክንያት ይለፋል።

ጥያቄ፦ ቀላሉ የማስኬጃ መንገድ የትኛው ነው?

ከሲስተሙ ጋር የሚመጣው ኦኤስኤስክሪፕት (osascript) የሚባል የተርሚናል ትእዛዝ። ከፓይተን ሰብፕሮሰስ በሚባለው ሞጁል ትጠሩታላችሁ። አንድ መስመር ብቻ ከሆነ በ«ሰረዝ ኢ» (-e) ይሰጣል፤ ከዚያ ከበዛ ስክሪፕቱን በስታንዳርድ ኢንፑት አስገቡት፣ ወይም በፋይል አስቀምጡትና የፋይሉን ስም ስጡት። ትእዛዙን በአንድ ረጅም ስትሪንግ ሳይሆን በሊስት ስጡ፤ የተርሚናል ትእዛዝ ተርጓሚው ሼል መሀል ከገባ ጥቅሱን የሚተረጉም ሌላ አካል ጨመራችሁ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የፋይሉን ስም በፓይተን ኤፍ-ስትሪንግ ስክሪፕቱ ጽሑፍ መሀል እየከተትኩ እልካለሁ። ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ አንዳንድ ፋይል ላይ ግን ሲንታክስ ኤረር ይላል። ምክንያቱ ምን ይሆን?

የፋይሉን ስም እየው። ውስጡ ድርብ ጥቅስ ምልክት ወይም ባክስላሽ ይኖረዋል። አፕልስክሪፕት ስትሪንግ የሚከፍተውም የሚዘጋውም በድርብ ጥቅስ ነው፤ ስሙ ውስጥ ያለው ጥቅስ ስትሪንጉን መሀል ላይ ይዘጋዋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው የስሙ ክፍል እንደ ኮድ ይነበባል። ሲንታክስ ኤረር ካወጣ ዕድለኛ ነህ። ስሙን ያወጣው ሰው ተንኮል ካሰበ ከጥቅሱ በኋላ «ዱ ሼል ስክሪፕት» ብሎ የፈለገውን ትእዛዝ ሊጽፍ ይችላል፣ ያንተ ፕሮግራምም ያስኬድለታል።

ብዙዎች መፍትሔ የሚመስላቸው በሪፕሌስ ከጥቅሱ ፊት ባክስላሽ መጨመር ነው። እኔ ግን አጥብቄ የምመክረው ሌላ ነገር ነው፦ ዳታን ከኮድ ጋር አታዋህዱ። ኦኤስኤስክሪፕት ከስክሪፕቱ ስም በኋላ የሚሰጡትን ነገሮች ሁሉ ለስክሪፕቱ ራን ሃንድለር፣ ማለትም ስክሪፕቱ ሲነሣ ለሚሠራው ክፍል፣ በሊስት ያቀብላል። ስክሪፕታችሁ «ኦን ራን አርግቪ» ብሎ ይጀምር፣ «አይተም 1 ኦፍ አርግቪ» እያለ ዕቃውን ይቀበል፣ «ኤንድ ራን» ብሎ ይዝጋ። በፓይተን በኩል የፋይሉን ስም እንደ ተጨማሪ አርጉመንት ሊስቱ መጨረሻ ላይ ታስገባላችሁ። ስክሪፕቱን በስታንዳርድ ኢንፑት የምትልኩ ከሆነ በፋይሉ ስም ፈንታ አንድ ሰረዝ ብቻ ጻፉ፣ አርጉመንቶቹ ከሰረዙ በኋላ ይምጡ። እንዲህ ሲሆን ስሙ ጥቅስም ይያዝ የግዕዝ ፊደል እንዳለ ይደርሳል፤ እንደ ኮድ የሚያነበው የለም።

ሁሉም በስትሪንግነት እንደሚደርስ ግን አትርሱ። ቁጥር ከፈለጋችሁ «አዝ ኢንቲጀር» ብላችሁ ቀይሩት። መንገዱ ደግሞ በስላሽ የተጻፈ ስለሚሆን ለፋይንደር ከመስጠታችሁ በፊት «ፖዚክስ ፋይል» በሚለው ወደ ፋይልነት መቀየር አለበት።

ጥያቄ፦ የፕሮግራሙንስ ስም በአርጉመንት መላክ እችላለሁ? ሞክሬ ኮምፓይል አልሆነልኝም።

ከላይ ያልኩት የማይሠራበት ቦታ ይህ ነው። አፕልስክሪፕት «ቴል አፕሊኬሽን» የሚለውን ሲያይ የዚያን ፕሮግራም መዝገበ ቃላት የሚከፍተው ኮምፓይል በሚደረግበት፣ ማለትም ጽሑፉ ወደሚሄድ ኮድ በሚቀየርበት ሰዓት ነው፤ ቃላቱ ምን ማለት እንደሆኑ የሚያውቀው ከዚያ ነው። ስሙ ቫሪያብል ከሆነ በዚያ ሰዓት የሚከፍተው መዝገብ የለም። «ዩዚንግ ተርምስ ፍሮም አፕሊኬሽን» ብለህ ቃላቱን የሚዋስበትን አንድ ፕሮግራም በስም ጥቀስ፣ ቫሪያብሉን የያዘውን ቴል በውስጡ አድርግ። የሚሠራው ግን ሁለቱ ፕሮግራሞች የሚጋሩትን ትእዛዝ ስትጠቀም ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ አስቀድሞ ኮምፓይል ማድረግ ጥቅሙ ፍጥነት ብቻ ነው?

ፍጥነቱ ሁለተኛ ነው። በጽሑፍ የተሰጠ ስክሪፕት በተጠራ ቁጥር እንደ አዲስ ኮምፓይል ይደረጋል፤ ኦኤስኤኮምፓይል (osacompile) የሚባለው ትእዛዝ ግን «ሰረዝ ኦ» (-o) ከተባለ በኋላ በሰጠኸው ስም ያለቀለት ፋይል ያወጣል፣ ሲንታክስ ስህተትም ካለ ያኔውኑ ይነግርሃል። እኔ ዋናውን ጥቅም የማየው እዚህ ላይ ነው። ሌሊት ብቻውን የሚሄድ ሥራ ቴልን የሚዘጋው ኤንድ ቴል በመረሳቱ ከሚቆም፣ ስክሪፕቶቹን ሁሉ ከማሰማራትህ በፊት ኮምፓይል አድርገህ ብታረጋግጥ ይሻላል።

ስሙን በነጥብ ኤፒፒ (.app) ከጨረስከው ራሱን የቻለ ፕሮግራም ይሆናል። «ሰረዝ ኤክስ» (-x) ካልክ ደግሞ ማስኬድ እንጂ መልሶ ማንበብ የማይቻል ፋይል ይወጣል፤ ዋናውን ጽሑፍ ሳታስቀምጥ ይህን አታድርግ። የፕሮግራሙ ቃላት ኮምፓይል በሆነው ፋይል ውስጥ የሚቀመጡት በባለ አራት ፊደል ኮድ ነው። ስለዚህ ለለውጥ መከታተያ የሚቀመጠው ሁልጊዜ ጽሑፉ ይሁን፣ ኮምፓይል የሆነው ደግሞ ከእሱ ይወለድ።

ጥያቄ፦ የሚመለሰው ሊስት ተደባልቆ ይመጣል። እንዴት ልለየው?

ኦኤስኤስክሪፕት በራሱ ምርጫ ውጤቱን ለሰው ዓይን አድርጎ ያትማል። 1 እና በውስጡ 2ና 3ን የያዘ ሌላ ሊስት ብትመልስ «1, 2, 3» ብቻ ታያለህ፤ የውስጡ ቅንፍ ጠፍቷል። «ሰረዝ ኤስ ኤስ» (-ss) ብትለው ቅንፉንም ጥቅሱንም ይዞ ይወጣል። ያንን በፓይተን መተንተን ግን አድካሚ ነው። ቀላል ዝርዝር ከሆነ እዚያው አፕልስክሪፕቱ ውስጥ በላይንፊድ አያይዘህ መልስ። ውስብስብ ዳታ ከሆነ ኦኤስኤስክሪፕት በሚያስኬደው ጃቫስክሪፕት ጻፈውና ጄሰን በሚባለው የዳታ አጻጻፍ አድርገህ መልስ፤ ፓይተን በአንድ መስመር ያነብልሃል። «ሎግ» የሚለው ትእዛዝ የሚጽፈው ስታንዳርድ ኤረር ላይ ስለሆነ ውጤቱን አያበላሽም።

ጥያቄ፦ ተርሚናል ላይ ሲሄድ ምንም አይልም፣ ሥራዎችን በራሱ በሚያስነሣው የማክ አገልግሎት በላንችዲ ሲሄድ ግን በቅንፍ −1743 ጽፎ ይቆማል።

ፈቃድ ነው። ከማክኦኤስ ሞሃቪ፣ ማለትም ከ2018 ወዲህ፣ አንድ ፕሮግራም ሌላውን በአፕል ኢቨንት ለማዘዝ የተጠቃሚውን እሺታ ማግኘት አለበት። ፈቃዱ የሚመዘገበው በአዛዡና በታዛዡ ጥንድ ነው፦ «ተርሚናል ፋይንደርን ማዘዝ ይችላል» ተብሎ። በላንችዲ ስታስኬደው አዛዡ ተርሚናል መሆኑ ይቀራል፣ የድሮው እሺታ አይቆጠርም። ሥራው የሚሄደው እንደ ላንች ኤጀንት በተጠቃሚው ሴሽን ውስጥ መሆኑን አረጋግጥ፤ ከተጠቃሚው ሴሽን ውጭ የሚሄድ ላንች ዴመን ከሆነ የጥያቄው መስኮት የሚታይበት ስክሪን የለውም። አንዴ «አይሆንም» ከተባለ ደግሞ መልሶ አይጠይቅም፤ ሴቲንግስ ውስጥ ከፕራይቬሲ ሥር ያለው አውቶሜሽን ላይ ማስተካከል ነው። ሲስተም ኢቨንትስ የሚባለውን የማክ ረዳት ፕሮግራም ተጠቅሞ በተን መጫን ከፈለግክ የአክሰሲቢሊቲ ፈቃድ ለብቻው ያስፈልጋል።

ኤረር በተፈጠረ ቁጥር በመጨረሻው ቅንፍ ውስጥ ያለውን ቁጥር በፓይተን ለይታችሁ ያዙት፤ ከመልእክቱ ጽሑፍ ይልቅ አስተማማኙ እሱ ነው። −1728 የጠየቃችሁት ነገር የለም ማለት ነው፣ −600 ፕሮግራሙ አልተከፈተም፣ −128 ተጠቃሚው ካንስል ብሏል፣ −2741 ደግሞ ሲንታክስ ነው።

ጥያቄ፦ −1712ስ? ከሁለት ደቂቃ በኋላ ነው የሚመጣው።

አፕልስክሪፕት መልስ የሚጠብቀው ሌላ ካልተባለ ሁለት ደቂቃ ነው። ሥራው በእውነት ረጅም ከሆነ «ዊዝ ታይምአውት ኦፍ 600 ሰከንድስ» በሚለው ውስጥ አስገቢው። ከዚያ በፊት ግን የታዘዘውን ፕሮግራም ራሱን እዪው፤ «ሴቭ ይደረግ?» የሚል መስኮት ከፍቶ ሰው እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። የፓይተኑን ታይምአውት በተመለከተ፣ እሱ የሚገድለው ኦኤስኤስክሪፕትን ብቻ ነው። ትእዛዙ የደረሰው ፕሮግራም ሥራውን ሊቀጥል ስለሚችል «ታይምአውት ሆነ፣ ድገመው» የሚል ሉፕ አንዱን ነገር ሁለቴ ያሠራል።

ጥያቄ፦ 500 ፋይል አለኝ፣ ለእያንዳንዱ ኦኤስኤስክሪፕት ስጠራ በጣም ይዘገያል።

500 ፕሮሰስ ከመክፈት ሁሉንም ስም በአንድ ጥሪ ላክ፣ ሉፑ ስክሪፕቱ ውስጥ ይሁን። ስክሪፕቱ ውስጥም እያንዳንዱን ዕቃ ለየብቻ «ስምህ ማን ነው?» ከማለት «ኔም ኦፍ ኤቭሪ ፋይል» ብሎ በአንድ መልእክት መጠየቅ ብዙ ጊዜ ይቆጥባል። ያም ካልበቃ ፓይተንን ከማክ ላይብረሪዎች ጋር የሚያገናኘውን ፓይኦብጅሲን ተጠቅመህ ኤንኤስአፕልስክሪፕት የሚባለውን ክላስ ጥራ። ስክሪፕቱን እዚያው ፓይተን ውስጥ አንዴ ኮምፓይል አድርጎ ደጋግሞ ያስኬዳል፣ ሌላ ፕሮሰስ አይከፈትም። ከሜይን ትሬድ ውጭ ግን አትጥራው።

ጥያቄ፦ በተገላቢጦሽ፣ ከአፕልስክሪፕት ፓይተንን ስጠራ «አልተገኘም» ይለኛል።

«ዱ ሼል ስክሪፕት» የሚጠቀመው ኤስኤች የተባለውን ሼል ነው፣ የአንተን የሼል ፕሮፋይልም አያነብም። ስለዚህ የፓይተኑን ሙሉ መንገድ ጻፍ። ወደ ትእዛዙ የምታስገባውን ማንኛውንም ስም «ኮትድ ፎርም ኦፍ» በሚለው አሳልፍ። የሚመለሰው ጽሑፍ መስመር መጨረሻም ይቀየራል፤ ላይንፊዱ ካሬጅ ሪተርን ይሆናል፣ «ዊዝአውት ኦልተሪንግ ላይን ኤንዲንግስ» ካላልክ በስተቀር።

ጥያቄ፦ የቆየ ስክሪፕቴ ሲስተሙን ካሳደግኩ በኋላ ጨርሶ አልነሳም አለ።

መጀመሪያ የፓይተን ፋይሉን የመጀመሪያ መስመር ተመልከቺ፤ በየትኛው ፓይተን እንደሚሄድ የሚናገረው እሱ ነው። ማክኦኤስ 12.3 በ2022 ሲወጣ አብሮት ይመጣ የነበረው ፓይተን 2.7 ከሲስተሙ ተነሥቷል፣ ከእሱ ጋር ይመጣ የነበረው ፓይኦብጅሲም አብሮ ሄዷል። ፓይተን 3 ጫኚ፣ ፓይኦብጅሲን በፒፕ አስገቢ፣ የመጀመሪያውን መስመር ወደ አዲሱ አዙሪ። የአፕልስክሪፕቱን ክፍል ለብቻው በኦኤስኤስክሪፕት ሞክሪው፤ ያ ከሠራ እሱን መንካት አያስፈልግሽም።