መሪው የሁለታችሁም ነው፦ የካምፐር ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ብርዱ ሲለቅ ደብዳቤው ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናል። ልጆቹ ኮሌጅ ገብተዋል፣ የዓመት ፈቃድ ተጠራቅሟል፣ ባልና ሚስት ካምፐር ጎትተው አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ሊያቋርጡ ቆርጠዋል። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ከአንዱ ላይ ደግሞ ባለቤቱ ላይ የወረደውን ስድብ አውጥቻለሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፉ ባልና ሚስት በሚያዝያ መጨረሻ (ኤፕሪል ማለታቸው ነው) ሎስ አንጀለስ ያለች ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው። አውራ ጎዳና 70ን እንያዝ ወይስ 40ን ይላሉ።

በዚያ ወር ከሆነ 40ን። 70 ከባልቲሞር ተነሥቶ ዩታ ውስጥ ኮቭ ፎርት ላይ ያልቃል፤ ውበቱን የሚክድ የለም። ነገር ግን ከዴንቨር በስተምዕራብ ያለው የአይዘንሃወር ዋሻ 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ከእንጦጦ ጫፍ በላይ መሆኑ ነው። ኮሎራዶ በዚያ ተራራማ መንገድ ላይ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ለበረዶ የሚሆን ጎማ ወይም ሰንሰለት እንዲኖራችሁ በሕግ ታስገድዳለች። ይህን ያደረገችው ደስ ስላላት አይደለም። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ለከዳው ትራክ ማምለጫ የተሠሩትን የጠጠር መውጫዎች ስታዩ ይገባችኋል፤ እዚያ ማርሽ ቀንሶ በሞተር እየያዙ መውረድ እንጂ ፍሬን ረግጦ መክረም የለም።

ስለዚህ ከቨርጂኒያ በ66 ወጥታችሁ 81ን ወደ ደቡብ ያዙ፤ ቴነሲ ውስጥ 40 ላይ ይጥላችኋል። ከዚያ ሜምፊስ፣ ኦክላሆማ ሲቲ፣ አማሪሎ፣ አልበከርኪ፣ ፍላግስታፍ፣ ባርስቶ። ፍላግስታፍም ከፍታ ስለሆነ በኤፕሪል በረዶ ሊጥል ይችላል፤ ማታ ማታ የአየር ትንበያ እዩ። በእንጀራ ከለካነው ግን 70 ያሸንፋል፤ ኮሎምበስ አለ፣ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ አለ። በ40 የምትሄዱ ከናሽቪል ወዲያ ድርቆሻችሁን አትርሱ።

አንድ ወጣት ለረጅም መንዳት «ትንሽ ጫት» ቢይዝ ምን ችግር አለው ይላል።

ችግሩ አሜሪካ ውስጥ ክልክል መሆኑ ነው፤ ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገሩ ሄሮይን ያለበት ምድብ ውስጥ ነው የተመዘገበው። እንቅልፍ ከመጣብህ ተኛ። አልጋውን እየጎተትክ ነው የምትሄደው።

የኤሌክትሪክ ምጣዴን ካምፐሩ ይችለዋል ወይ?

ምጣዱ ብቻውን ከሆነ ይችላል። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ዋት ያንብቡ፤ ብዙውን ጊዜ 1,500 አካባቢ ነው። ባለ 30 አምፒር ካምፐር በጠቅላላው 3,600 ዋት ይሸከማል። ኤሲው ከምጣዱ ያልተናነሰ ይወስዳል፤ በዚያ ላይ ማይክሮዌቭ ከተጫነ ብሬከሩ ይወርድና እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ይቀራል። የሚሻለው ምጣዱን ውጭ ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ካምፕ ቦታው ምሰሶ ላይ ካለው ባለ 20 አምፒር ሶኬት መሰካት ነው፤ አብዛኞቹ ምሰሶዎች አላቸው። ሊጡን ከዕቃው ግማሽ በላይ አይሙሉ። የካንሳስ ነፋስ ካምፐሩን ሲያወዛውዘው ኩፍ ያለ ሊጥ መሬት ለመሬት ሲሄድ ማየት አይፈልጉም።

የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ከደረሱ ደግሞ ውጭ ጋግሮ ውጭ መተው የለም፤ ድብ አለ። እዚያ ፊሺንግ ብሪጅ የሚባለው ካምፕ ድንኳንም ሆነ የሸራ ግድግዳ ያለው ካምፐር የማያስገባው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከአትላንታ፦ ጀበናውን፣ ረከቦቱን፣ ከሰል ማንደጃውን ጭነናል። ዝናብ ከሆነ መስኮት ከፍተን ካምፐሩ ውስጥ ብናፈላስ?

አይሆንም። መስኮት ቢከፈትም አይሆንም፣ በሩ ቢከፈትም አይሆንም፣ «ጭሱ ካለቀ በኋላ» ቢባልም አይሆንም። ከሰል የሚገድለው በጭሱ አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋም ይወጣል፣ አመድ የለበሰ ፍምም ያወጣዋል። አገር ቤት በክረምት ከሰል አስገብተው ተኝተው በዚያው የቀሩ ሰዎችን ወሬ ያልሰማ ሐበሻ የለም። ካምፐር ከዚያ ክፍል ያነሰ ነው።

ዝናብ ከሆነ በጋዙ ምድጃ፣ ከላይ ያለውን ማራገቢያ አብርታችሁ መስኮት ከፍታችሁ አፍሉ፤ ቡናው ልክ እንደወጣ አጥፉት፤ ምድጃውን ለማሞቂያ አትጠቀሙበት። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያውን ዛሬውኑ ተጭናችሁ ፈትሹ፤ ጀርባው ላይ የሚያበቃበት ዓመት ተጽፏል፤ ካለፈ አዲስ ግዙ። ሁለታችሁንም በአንድ ጊዜ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከያዛችሁ «ጉንፋን ነው» አትበሉ፤ ወጥታችሁ 911 ደውሉ። ከሰሉን ደጅ ማንደድም በበጋ በምዕራቡ በኩል ብዙ ቦታ ይከለከላል፤ የካምፑን ኃላፊ ጠይቁ።

ኢንሹራንሴ የኪራይ ካምፐር ይሸፍናል?

ወኪልህን ጠይቅ፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበል። ክሬዲት ካርዱን አትመን፤ ብዙዎቹ ካምፐርን ለይተው ያስቀራሉ።

አንድ አባወራ ሻጩ «መኪናህ 7,500 ፓውንድ ይጎትታል፤ ካምፐሩ ተጭኖ 6,500 ነው፤ ትርፍ አለህ» እንዳላቸው ጽፈዋል።

ሻጩ አልዋሸም፤ ግማሹን ነው የነገረዎት። የሾፌሩን በር ይክፈቱ፤ ምሰሶው ላይ የሰውና የዕቃ ክብደት ከዚህ አይበልጥ የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የእርስዎ 1,400 ይላል ብለውኛል። አሁን እንቀንስ። ከካምፐሩ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው መጎተቻው ኳስ ላይ ማረፍ አለበት፤ በ13 በመቶ 845 ፓውንድ። የቀረው 555። እርስዎና ባለቤትዎ ተደምራችሁ 340፤ የቀረው 215። ሚዛን የሚያስተካክለው መጎተቻ ራሱ 100 ገደማ። ጄነሬተሩንና የበረዶ ሣጥኑን ከኋላ ሲጭኑ አለቀ። ካምፐሩ ውስጥ 40 ጋሎን ውኃ ከሞሉ ደግሞ 330 ፓውንድ ተጨማሪ ነው።

ኳሱ ላይ ያለው ክብደት እንዲቀል ብሎ ዕቃውን ወደ ካምፐሩ ጅራት ማሸጋገር መፍትሔ አይደለም፤ ያኔ ነው ካምፐሩ ጅራቱን መወዝወዝ የሚጀምረው። ከተወዘወዘ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ ነዳጁን ይልቀቁ፣ የመኪናውን ፍሬን አይርገጡ፤ የካምፐሩን ፍሬን ብቻ ሾፌሩ አጠገብ ባለው መቆጣጠሪያ በእጅ ይያዙት። ከመነሣትዎ በፊት ተጭነው ትራኮች የሚመዘኑበት ሚዛን ላይ ይውጡ፤ ዋጋው ከአንድ ምሳ አይበልጥም። ጎማው ላይ የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮችም ያንብቡ፤ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የካምፐር ጎማ አዲስ መስሎ ያረጃል።

ባልቲሞር ዋሻ ውስጥ የምድጃ ጋዝ (ፕሮፔን) ይዞ ማለፍ ይቻላል?

አይቻልም፤ የካምፐር ሲሊንደር ከሚፈቀደው 10 ፓውንድ በላይ ነው። ድሮ በኪይ ድልድይ ይታለፍ ነበር፤ በማርች 2024 ፈርሷል። ከተማዋን የሚዞረውን አውራ ጎዳና 695ን ይዛችሁ በምዕራብ በኩል ዙሩ።

ሁለት ደብዳቤ አንድ ላይ። የአሌክሳንድሪያው ሰውዬ ባለቤታቸው መጎተት ስለምትፈራ እስከ ሲያትል ብቻቸውን ሊነዱ ነው፤ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሻል ይጠይቃሉ። የዳላሷ እህት ደግሞ ባሏ ወደኋላ ሲያቆም እሷ ከውጭ ትመራዋለች፤ «ወደ ግራ» ስትለው «የማን ግራ?» ብሎ ካምፑ እስኪሰማ ይጮህባታል።

የሰዓቱን ልጨርሰው። ጭነት የሚያመላልስ ሾፌር በሕግ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አይፈቀድለትም፤ ያውም ሙያው ሆኖ። እርስዎ አምስት ወይም ስድስት ይበቃዎታል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቁሙ።

አሁን ግን ጥያቄዎን ልተውና ያልጠየቁኝን ልመልስ። እኛ ዘንድ ባል ይነዳል፣ ሚስት ታጎርሳለች። ዋሽንግተንን በሚዞረው ቤልትዌይ ላይ ይህ ማንንም ላይጎዳ ይችላል። ሲመለሱ በ70 እንደሚመጡ ጽፈዋል። ዩታ ውስጥ ከሳላይና እስከ ግሪን ሪቨር ከ100 ማይል በላይ አንድ ማደያ የለም፤ ስልክም የሚጠፋበት ቦታ አለ። እዚያ መሀል የኩላሊት ጠጠር ቢነሣብዎትስ? እንኳን መንዳት መቀመጥም አይችሉም። አጠገብዎ ያለችው ሴት መንጃ ፈቃድ አላት፣ ዓይኗ ጤነኛ ነው፣ ግን ያንን መኪና ከነካምፐሩ አንድ ማይል ነድታው አታውቅም። ይህን የእሷ ፍርሃት ብለው አይጻፉት፤ የጉዞው ዕቅድ ጉድለት ነው።

ደግሞስ ምን ዓይነት ፈሪ ናት? በራስዎ ደብዳቤ ላይ ለዓመታት በበረዶ ሌሊት ሽፍት እየነዳች ነርሲንግ ሆም እንደሠራች ነግረውኛል። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የምትፈራው አጠገቧ የሚቀመጠውን ሰው ይመስለኛል፤ መሪ በነካች ቁጥር ትንፋሹን የሚስበውን፣ የሌለ ፍሬን በእግሩ የሚረግጠውን። ስለዚህ መጀመሪያ እርስዎ ከመኪናው ይውረዱ። ካምፐር ማስነዳት የሚያስተምሩ አሉ፤ ገንዘቡ ከከበደ ከወዳጅ ዘመድ ትራክ የሚነዳ አይጠፋም። ሰፊ የትምህርት ቤት ፓርኪንግ፣ ቅዳሜ ጠዋት። መጀመሪያ ቀጥታ መንዳት፣ ቀጥሎ ሰፋ አድርጎ መታጠፍ፤ ካምፐሩ ሁልጊዜ ማዕዘኑን ወደ ውስጥ ይቆርጣልና። ከዚያ ወደኋላ፦ እጅ መሪው ታችኛው ጫፍ ላይ ይሁን፤ እጇን ወደ ቀኝ ስትወስደው የካምፐሩ ጀርባ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ወደ ግራ ስትወስደው ወደ ግራ። ቀስ ብሎ ከሆነ በአንድ ጠዋት ይለመዳል።

የዳላሷ እህት፣ ባልሽ በጩኸቱ ቢያጠፋም ጥያቄው ትክክል ነው። ግራና ቀኝ የሚለውን ተዉት፤ «ወደ ሾፌሩ በኩል»፣ «ወደ ተሳፋሪው በኩል» በሉ። ስልክ ተደዋወሉና ጆሮ ላይ ሆኖ ይሁን፤ ጩኸት አያስፈልግም። ፊቱን በመስታወቱ ካላየሽው እሱም አያይሽም፤ ያኔ መቆም አለበት። ሁለት እጅ ወደ ላይ ከወጣ፣ ያለ ክርክር ፍሬን። ከመጀመራችሁ በፊት ሁለታችሁም ወርዳችሁ ቦታውን ዙሩት፤ ቅርንጫፉን ቀና ብላችሁ እዩ። በማግስቱ ደግሞ አንቺ መሪው ላይ ሁኚ፣ እሱ ውጭ ቆሞ ይምራሽ። «የማን ግራ?» ማለት እንዴት እንደሚቀል ያኔ ያያል።

ይህ ለመሪው ብቻ አይደለም። ካምፐሩን ማያያዝና መፍታት፣ የጋዙን መዝጊያ፣ ብሬከሩን፣ የፍሳሹን ቱቦ ሁለቱም ይወቁ። የአሌክሳንድሪያው፣ እርስዎ ደግሞ የሁለታችሁ መድኃኒት የት መሳቢያ እንዳለና ሽሮ እንዴት እንደማይጓጉል ይማሩ።

አንዲት እናት ባለቤታቸው ሌሊት ሲያንኮራፉ ትንፋሻቸው ቆም ይልና በድንጋጤ እንደሚመለስ፣ ቀን ደግሞ ቀይ መብራት ላይ ሳይቀር እንደሚያንቀላፉ ጽፈዋል። «ድካም ነው፣ መንገድ ላይ ይለቀኛል» ይላሉ አሉ።

አይለቃቸውም። ጉዞውን ያቁሙትና ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ለደንቡ ያህል የምለው አይደለም። የነገሩኝ የእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቋረጥ ምልክት ይመስላል፤ እሱ መሆኑን የሚለየው ግን ምርመራ ነው፤ ለብዙ ሰው ቤት ውስጥ አንድ ሌሊት መሣሪያ ታስሮ ይደረጋል። እሱ ከሆነ ይታከማል፤ የሚታዘዘው የአየር ማሽንም በካምፐር ባትሪ ይሠራል። እስከዚያ ድረስ ለገበያም ቢሆን እርስዎ ይንዱ። አልመረመርም ካሉ ቲኬት ቆርጣችሁ በአውሮፕላን ሂዱ።

ሚስቴ ካምፐሩ ውስጥ ተኝታ ልጎትታት?

አይሆንም። ብዙ ስቴት ውስጥ ሕገወጥ ነው፣ ቀበቶም የለውም።

62 ዓመት ሞልቶናል፤ ለፓርኮቹ ቅናሽ አለ?

ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያላችሁ ከሆነ በ80 ዶላር ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ካርድ አለ፤ የአንድ ዓመቱ 20 ነው። ብዙ የፌዴራል ካምፖች ላይ የማደሪያውን ዋጋ በግማሽ ይቀንሳል። ሲያወጡ ፓስፖርቱን ወይም ግሪን ካርዱን ይያዙ።

ዋልማርት ፓርኪንግ ማደር ይፈቀዳል?

አንዳንዱ ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ አይፈቅድም፤ የሚወስነው የዚያ ሱቅ ኃላፊና የከተማው ሕግ ነው። ከመድረሳችሁ በፊት ደውሉ፤ ከተፈቀደላችሁም ወንበርና ጥብስ አታውጡ።