ለሁለት መቶ ዓመት ያበደረው ሽማግሌ

ልጆቼ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት በባንክ ብድር ክፍል ሠርቻለሁ። ጠረጴዛዬ ፊት ስለሚቀመጥ ሰው ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ይመልስ ይሆን? ከእናንተ አዘውትሬ የምሰማው ደግሞ «የአገሩ ነገር ሳይለይ ምን ይጀመራል?» የሚለውን ነው። መልሱን በመቶ ዶላር ኖት ላይ ፊቱን ከምታውቁት ሽማግሌ፣ ከቤንጃሚን ፍራንክሊን ልዋስ።

እ.ኤ.አ. በ1787 የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በፊላደልፊያ ሲረቀቅ ፍራንክሊን 81 ዓመቱ ነበር። ሪህና የፊኛ ጠጠር ስላደከሙት የመጨረሻ ንግግሩን ጄምስ ዊልሰን አነበበለት። በሰነዱ ውስጥ የማይስማሙኝ ክፍሎች አሉ፣ ነገር ግን ዕድሜ እርግጠኛ የነበርኩባቸውን ሐሳቦች ደጋግሞ አስለውጦኛል የሚል ንግግር ነበር። ከዚያ ፈረመ። ሦስት ተሰብሳቢዎች ግን አንፈርምም አሉ። በ1789 ለአንድ ፈረንሳዊ ወዳጁ ሲጽፍም ሕገ መንግሥቱ የሚዘልቅ ይመስላል አለና፣ ከሞትና ከግብር በቀር በዚህ ዓለም እርግጠኛ ነገር የለም ሲል ጨመረበት። ሰው ግብሩን እየጠቀሰ ይስቃል፤ ሽማግሌው ያንን ያለው ስለ ሪፐብሊኩ ዕድሜ ሲያወራ መሆኑን ግን ይረሳዋል።

በዚያው ዓመት በኑዛዜው ላይ ያከለውን ቃል ሳነብ እንደ ባንክ ሰው ተገረምኩ። ለቦስተንና ለፊላደልፊያ ለእያንዳንዳቸው 1,000 ፓውንድ ተናዘዘ። ገንዘቡ ከ25 ዓመት በታች ለሆኑ፣ ትዳር ለያዙና ሙያቸውን በዚያው ከተማ ለተማሩ የእጅ ሥራ ባለሙያዎች በ5 በመቶ ወለድ ይበደራል። ተበዳሪው ሁለት ዋስ ያቀርባል፣ ዋናውን በየዓመቱ አንድ አሥረኛ እየከፈለ ይጨርሳል። ይህ ለ200 ዓመት ይቀጥላል! እሱም በወጣትነቱ ማተሚያ ቤቱን ያቆመው ወዳጆቹ ባበደሩት ገንዘብ ነበር። መዝለቁን እርግጠኛ ላልሆነበት አገር፣ ገና ላልተወለዱ አናጢዎችና አንጥረኞች የብድር ውል ጻፈ።

ስሌቱ እንዳሰበው አልሄደም። ፋብሪካ ሲስፋፋ በባለሙያ ሥር ሆኖ ሙያ የሚማር ወጣት ተመናመነ፣ ዋስ ማግኘትም ከበደ። በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ከተማ ከ4 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ይጠራቀማል ብሎ ነበር፤ በ1990 ግን ቦስተን ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ዶላር፣ ፊላደልፊያ ደግሞ ከ2 ሚሊዮን በላይ ይዘው ተገኙ። ቢሆንም ቦስተን በመጀመሪያው መቶ ዓመት ካፈራው ላይ የሙያ ትምህርት ቤት ተሠርቶበታል። እኔ ካጸደቅኋቸው ብድሮች ስንቱ ይህን ያህል እንደሠራ አትጠይቁኝ።

ጻድቅ አድርጌ እንዳላቀርብላችሁ፤ ፍራንክሊን ባሪያ ነበረው፣ ጋዜጣውም የባሪያ ሽያጭ ማስታወቂያ ያትም ነበር። የፈረመው ሕገ መንግሥትም ባርነትን አቅፎ የያዘ ነው። በየካቲት 1790 የፔንሲልቬኒያ የፀረ ባርነት ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ለኮንግረሱ አቤቱታ ፈረመ፤ ኮንግረሱ ሥልጣን የለኝም ብሎ መለሰው። ሚያዝያ ላይ በ84 ዓመቱ ሞተ። ያ ያደረ ዕዳ በ1861 የእርስ በርስ ጦርነት ሆኖ መጣ። በጥርጣሬ መፈረም መልካም ነው፤ የተጠራጠሩበትን ለሚቀጥለው ትውልድ ማሳደር ግን ወለዱ ከባድ ነው።

እኔም የራሴ ጥፋት አለብኝ። ከተማው በተረበሸበት አንድ ዓመት አንድ ወጣት አናጢ ለመላጊያ ማሽን ብድር ፈልጎ ሁለት ዋስ ይዞ መጣ። ወረቀቱ ምንም አልጎደለውም። እኔ ግን «ነገሩ እስኪረጋጋ ቆይ» ብዬ መለስኩት። አልቆየም፤ እቁብ ገብቶ ማሽኑን ገዛ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በር ለማሠራት አንድ ወርክሾፕ ስገባ ባለቤቱ እሱ ሆኖ አገኘሁት። ቀብድ ልሰጠው ኪሴን ስዳብስ እጄን ያዘኝ።

«ሲያልቅ ይከፍላሉ፤ አውቅዎታለሁ» አለኝ።