በርበሬና ሽሮ በቴሌግራም ለመሸጥ ሥራዬን ልልቀቅ ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ሌላውም ሰው እንዲከተለን ጥያቄሽን በአጭሩ ልድገመው። በአንድ የግል ድርጅት አስተዳደር ክፍል ስድስት ዓመት ሠርተሻል፤ የተጣራ ደመወዝሽ 14,200 ብር ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ተከራይተሽ ትኖሪያለሽ። ከኅዳር ጀምሮ ማታ ማታና ቅዳሜ በርበሬና ምጥን ሽሮ እያዘጋጀሽ በቴሌግራም ትሸጫለሽ። በመጋቢት 60 ኪሎ ገደማ ሸጠሽ 48,000 ብር ገባ፤ ጥሬ ዕቃው 31,000 ስለወሰደ «17,000 አተረፍኩ፣ ከደመወዜም በለጠ፣ ልልቀቅ?» ብለሻል።

አሁን አትልቀቂ። ሥራው አያዋጣም ማለቴ አይደለም፤ እጇ ለጣፈጠ ሰው ባልትና ያዋጣል። ነገር ግን 17,000ው ገና ትርፍ አልሆነም፤ መጋቢትም ዓመቱን አይወክልም።

መጀመሪያ ስለ 17,000ው። ከሽያጩ ላይ የቀነስሽው የጥሬ ዕቃውን ብቻ ነው። በአንቺ መጠን ለሚሠራ ሰው የወፍጮና የመርካቶ ምልልስ 2,400 ብር፣ ላስቲክና መለያ 1,900፣ ኢንተርኔትና ስልክ 600 ይሄዳል እንበል። «ዴሊቨሪ ነፃ» ብለሽ 24 ትእዛዝ በ150 ብር ከላክሽ ደግሞ 3,600 ከኪስሽ ወጥቷል። ድምሩ 8,500 ይሆናል፤ ከ17,000ው እኩሌታው ሄደ ማለት ነው። በርበሬ የምትቀነጥስልሽን ልጅ ቀን አበል፣ ለዘመድ በዱቤ የሰጠሽውንና ቤት የተበላውን ገና አልቆጠርንም።

ይህን ለማወቅ ከባድ ሶፍትዌር አያስፈልግም። ሌላ የባንክ ሒሳብ ክፈቺ፤ የሽያጭ ገንዘብ ሁሉ እዚያ ይግባ፣ የሥራው ወጪ ሁሉ ከዚያ ይውጣ። ቤት የሚበላው ሽሮ እንኳ በመሸጫው ዋጋ ተከፍሎበት ይወሰድ። ወር በገባ በ30 ለራስሽ አንድ የተወሰነ ደመወዝ ከዚያ ሒሳብ አውጪ፤ ለምሳሌ 6,000 ብር። ከዚያ በላይ አትንኪ። በሚቀጥለው ወር ተመሳሳይ መጠን ዛላና ሽንብራ ገዝተሽ ሒሳቡ ካልጎደለ 6,000ው የእውነት የአንቺ ነው። ከጎደለ ዋናውን እየበላሽ ነው። የዚህ ሥራ ትልቁ በሽታ ይኸው ነው፤ ደንበኛ ጠፍቶበት ከሚዘጋው ይልቅ ዋናው ተበልቶ የሚዘጋው ይበዛል፣ ምክንያቱም ብር በየቀኑ ስለሚገባ ሰው ያተረፈ ይመስለዋል።

አሁን ወደ መጋቢት እንምጣ። መጋቢት የዐቢይ ጾም ወር ነው፤ ሽሮ የሚሄደውም ያኔ ነው። በጾሙ ማብቂያ ላይ ደግሞ ለፋሲካ ዶሮ በርበሬ ይፈለጋል። ከፋሲካ በኋላ ግን እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና አርብ እንኳ አይጾምም፤ ሽሮው ይቀዘቅዛል። ሐምሌ ዝናብ ነው፤ በረንዳ ላይ የሚሰጣ ነገር አይደርቅም። በነሐሴ የፍልሰታ 15 ቀን ትንሽ ያንሰራራል፣ ወዲያው የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ዩኒፎርምና ደብተር መጥቶ የደንበኞችሽን ኪስ ያጥባል። ስለዚህ ፈተናሽ ከግንቦት እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ነው። በእነዚያ ወራት ለራስሽ የምትከፍይው ደመወዝ ኪራይን፣ ቀለብን፣ ትራንስፖርትንና ዕድርን ሳይቆራረጥ ከሸፈነ ያኔ ስለ መልቀቅ እናወራለን። ከደመወዝሽ ላይም በዚሁ ጊዜ የስድስት ወር የቤት ወጪ ለይተሽ አስቀምጪ፤ ወጪሽ በወር 11,000 ከሆነ 66,000 ማለት ነው። ይህ ገንዘብ ከሥራው ሒሳብ ጋር አይቀላቀል።

ፈተናው ኅዳር ላይ ይለቅ ያልኩት ለምንድን ነው? ዛላ በርበሬ በብዛት የሚሰበሰበው ከመኸር በኋላ ነው፤ በታኅሣሥና በጥር የማረቆውም የአላባውም ገበያውን ያጥለቀልቀዋል፣ ዋጋው ይረግባል፣ ጥራቱም ያኔ ይሻላል። በክረምት የሚገዛ ሰው ውድ ይገዛል፤ እርጥብም ይገዛል። ከ60 ኪሎው እኩሌታው በርበሬ ከሆነ የስድስት ወር ዛላ ወደ ሁለት ኩንታል ይጠጋል። ያንን በጥር አንድ ጊዜ መግዛት የሚችል ሰው ዓመቱን ሙሉ ይተነፍሳል። ዋናውን የበላ ግን በሐምሌ አምስት አምስት ኪሎ እየገዛ በዚያው ዋጋ ለመሸጥ ይታገላል።

ስትገዢ እጅሽን ከጆንያው ሥር ድረስ አስገቢ፤ ላይ ላዩን ደረቅ አድርጎ ከሥር እርጥቡን መደበቅ የተለመደ ነው። አንዱን ዛላ በሁለት ጣት ስትሰብሪው ቀጭ ካላለና እንደ ቆዳ ከታጠፈ እርጥብ ነው። ክፈችውና ውስጡን እዪ፤ ፍሬው አካባቢ ግራጫ ወይም ጥቁር ብናኝ ካለ ሻግቷል፣ ተይው። «አጥቤ አሰጣዋለሁ» አትበይ፤ ሻጋታው የሚተወው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ በመታጠብም በመቀቀልም አይጠፋም፣ ጉበት ይጎዳል። ደንበኛሽ ያንን በርበሬ ለልጇ ነው የምትሠራበት።

ሚዛን አራት ጊዜ ተጠቀሚ፦ ሲገዛ፣ ተቀንጥሶ ሲያልቅ፣ ከተሰጣ በኋላና ከወፍጮ ሲመለስ። 20 ኪሎ በ500 ብር ገዝተሽ ከቀነጠስሽና ካደረቅሽ በኋላ 17 ኪሎ ብቻ ከቀረ፣ የኪሎው ዋጋ 500 መሆኑ ቀርቶ 588 ሆኗል። ብዙ ሰው የመሸጫ ዋጋ የሚያወጣው በ500ው ላይ ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና በሶብላ ሲደለዝ ክብደት ይጨምራል፤ ያ ውኃ ግን ሲደርቅ ይሄዳል፣ ስለዚህ ቆጥረሽ አትደሰቺበት። ኮረሪማው፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙዱ በግራም ተለክቶ ይጻፍ። «በዓይን» የተሠራ በርበሬ በየወሩ ጣዕሙ ይለያያል፤ ደንበኛም «ያለፈው ይሻል ነበር» ብላ ዝም ብላ ትጠፋለች።

ወፍጮ ቤት ስትሄጂ ጠዋት መጀመሪያ ተሰለፊ፣ ወይም ካንቺ በፊት የተፈጨውን ጠይቂ። ጤፍ ከተፈጨበት ብዙም ችግር የለውም፤ የሽሮሽ እህል በርበሬ በተፈጨበት ላይ ከገባ ግን ቀልቶና አቃጥሎ ይወጣል። ከወፍጮ የወጣ ዱቄት ትኩስ ነው። ትኩሱን በላስቲክ ካሸግሽው እንፋሎቱ ውስጡ ጠል ይሆናል፤ በሁለት ሳምንት ይጓጉላል፣ ከዚያም ይሻግታል። ንጹሕ አቡጀዲ ላይ አሳስተሽ አሰራጪውና እጅሽን ስትከቺው ፍጹም እስኪቀዘቅዝ ጠብቂ፤ በቂው ጊዜ ብዙውን ጊዜ አንድ ሌሊት ነው። ስትመዝኚ የላስቲኩን ክብደት ዜሮ አድርገሽ ጀምሪ። በየኪሎው 20 ግራም «ትመረቅ» ብለሽ ብትጨምሪ በ50 ኪሎ አንድ ኪሎ በነፃ ሰጠሽ። መመረቅ ከፈለግሽ ለቋሚ ደንበኛ ግማሽ መቶ ግራም ለብቻው አሽገሽ ስጪ፤ ያንን ታየዋለች።

እሽጉ ላይ የምርቱ ስም፣ በውስጡ ያለው ሁሉ፣ የተጣራ ክብደት፣ የታሸገበት ቀንና ስልክ ይኑር። ለማድረሻ ፌስታል አትጠቀሚ፤ በ2017 ዓ.ም በወጣው ሕግ ታግዷል። የወረቀት ወይም የጨርቅ ቦርሳ ዋጋውን ከመጀመሪያው ወጪሽ ውስጥ አስገቢ።

ቴሌግራሙ ላይ ብዙ አልቆይም። ዋጋውን ከነቀኑ ጽፈሽ ከላይ ስቀይው፤ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ሻጭ ብዙ ገዢ በር ላይ ይመልሳል። ሁለተኛ የይለፍ ቃል አስገቢ፣ ሲም ካርዱም በስምሽ የተመዘገበ ይሁን። ቻናሉ ከተሰረቀ ሱቅሽ ከነደንበኞቹ ተሰረቀ ማለት ነው። የደንበኛ ስልክና የቤት አቅጣጫ የግል መረጃ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 የተጠበቀ ስለሆነ የማድረሻ ዝርዝሩን ፎቶ አንስተሽ ቻናል ላይ አትለጥፊ።

ክፍያ ላይ ግን ጠንቃቃ ሁኚ። ደንበኛ የላከልሽን ስክሪንሹት አይተሽ ዕቃ አታስወጪ፤ ስምሽንና መጠኑን ቀይሮ ማሠራት ደቂቃ አይፈጅም። የንግድ ባንክ ዝውውር በኤፍቲ (FT) የሚጀምር ቁጥር አለው፤ እሱን ይዘሽ በራስሽ መተግበሪያ ሒሳብሽ ውስጥ ገብቶ እዪ። የቴሌብር መልእክት ከ127 ነው የሚመጣው፤ ከግለሰብ ስልክ «ቴሌብር» የሚል ጽሑፍ ከመጣ ሐሰት ነው። ሲደርስ እከፍላለሁ የሚል አዲስ ደንበኛ ቢያንስ የማድረሻውን ሒሳብ አስቀድሞ ያስገባ። እምቢ ብሎ የተመለሰ ዕቃ የደርሶ መልስ ሒሳብ ያስከፍልሻል፤ የአንድ ተመላሽ ኪሳራ የሌላውን ትእዛዝ ትርፍ ይበላል።

ማድረሱን በሳምንት ሁለት ቀን አድርጊው፤ ማክሰኞና ቅዳሜ ይበቃል። በርበሬ እንደ ኬክ የዛሬ ዛሬ አይፈልግም። ሜክሲኮ፣ ስታዲየም፣ ለገሃርና ቦሌ አንድ መስመር ናቸው፤ አውቶቡስ ተራ፣ ፒያሳና አራት ኪሎ ሌላ መስመር። በመስመር ሰብስበሽ ለአንድ ሞተረኛ ብትሰጪ ለአንዱ ቤት የሚደርሰው ሒሳብ በጣም ይወርዳል። ሞተረኛው የመሥራት ፈቃድ ያለው ይሁን፤ መንገድ ላይ ቢያዝ ዕቃሽም አብሮ ይያዛል። በኮሪደር ልማቱ ብዙ ምልክት የነበሩ ቤቶችና ሱቆች ስለፈረሱ «ከድሮው እንትን ፊት ለፊት» የሚል አቅጣጫ አትቀበዪ፤ ሎኬሽን ይላክ።

ስለ ቤቱ አስቢበት። አራተኛ ፎቅ ላይ በርበሬ ሲደለዝና ሽንብራ ሲታመስ ጭስና ሽታው ደረጃውን ሙሉ ይሞላል፤ ሕፃንና አስም ያለበት ጎረቤት ካለ ቅሬታው ወደ ማኅበሩ፣ ከዚያም ወደ አከራይሽ ይሄዳል። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አያንስም። ውልሽ ላይ «ለመኖሪያ ብቻ» ካለ ከአከራይሽ የጽሑፍ ፈቃድ ሳትይዢ ቤቱን የንግድ አድራሻ አታድርጊ። የሚያጭሰውን ሥራ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ጓሮ ተከራይቶ በሳምንት አንድ ቀን መጨረስ፣ ቤት ውስጥ ማሸግና መላክ ብቻ መሥራት ይሻላል።

ለንግድ ፈቃዱ ፋይዳ መታወቂያ፣ ቲንና የአድራሻ ማስረጃ ይዘሽ በወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ወይም በኦንላይን ትመዘገቢያለሽ። የምትሸጪው ምግብ ስለሆነ ከከተማው ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ስለ ብቃት ማረጋገጫ ቀድመሽ ጠይቂ፤ ቤቱን አይተው የሚጥሉት ነገር ካለ ኪራይ ከፍለሽ ከጨረስሽ በኋላ መስማት አትፈልጊም። ፈቃዱ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባትሸጪም ግብር የማሳወቅ ግዴታ አለብሽ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ፈቃዱ ያለቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። የግብር ሕጉ በ2017 ዓ.ም ስለተሻሻለ «ደረጃ ሐ ነሽ፣ ትንሽ ነው የምትከፍይው» የሚልሽን የድሮ ምክር አትያዢ፤ የወረዳሽን ግብር ሰብሳቢ ጠይቂ።

ፈተናውን ካለፍሽ መልቀቂያውን በታኅሣሥ መጀመሪያ አስገቢ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ግዴታ ነው፤ ሳትሰጪ ብትቀሪ እስከ 30 ቀን ደመወዝ ካሳ ልትጠየቂ ትችያለሽ። አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ አገልግለሽ በፈቃድሽ ስትለቂ፣ በሥልጠና ምክንያት የገባሽው የማገልገል ግዴታ ከሌለብሽ፣ የሥራ ስንብት ክፍያ ይገባሻል፦ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ። ስድስት ዓመት ቢቆጠር 30 እና አምስት ጊዜ 10፣ በድምሩ የ80 ቀን ደመወዝ ነው፤ ግብር ይቆረጥበታል። ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰባል። ክፍያው ውሉ ከተቋረጠ በኋላ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት፤ በጥር፣ ዛላው በረከሰበት ሰዓት እጅሽ ይገባል። ያ ብር በርበሬ ይሁን፤ ሶፋ አይሁን።

ከዚያ በፊት የሚጣራ አለ። ከመሥሪያ ቤቱ ቁጠባና ብድር ማኅበር ብድር ካለብሽ፣ ወይም ለባልደረባ ዋስ ከሆንሽ፣ ክሊራንሱ እዚያ ላይ ይቆማል። ዋስነቱን የሚተካ ሰው ለማግኘት ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ከመስከረም ጀምሪ። ዕቁብ ውስጥ ካለሽ ዕጣው ከወጣልሽ በኋላ የሚቀረውን መዋጮ ከስድስት ወሩ ወጪ ጋር ደምሪው። አሠሪሽ የሚከፍልልሽ 11 በመቶ የጡረታ መዋጮና ሕክምናም ይቋረጣል። መልቀቂያውን በሁለት ቅጂ ጻፊ፤ ያንቺ ቅጂ ላይ መዝገብ ቤት ቀንና ማኅተም ያድርግበት፣ 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። የሥራ ልምድ ማስረጃሽን ደመወዝሽና የሥራ መደብሽ ተጽፎበት በመጨረሻው ቀን ተቀብለሽ ውጪ።