የጤና መድህን ግዴታ ይሁን ወይ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። «የጤና መድህን አባልነት በፌዴራል ሕግ ግዴታ ይሁን የሚባለውን እንዴት ታዩታላችሁ? የእናቴን መዋጮ በየዓመቱ እከፍላለሁ፣ መድኃኒቱን ግን ከውጭ ነው የምንገዛው» ብለሻል። እዚሁ ጅማ ዞን ውስጥ ጤና ጣቢያ ፋርማሲ ለዓመታት ስለሠራሁ ያየሁትን ልጻፍልሽ።

እኔ ግዴታ ይሁን ባይ ነኝ። ግን ግዴታው ለገበሬው ብቻ ከሆነ አልደግፈውም። መዋጮውን የሚቀበለውንም፣ መንግሥትንም እኩል ማሰር አለበት።

ለእኛ አካባቢ መድህን እንግዳ ነገር አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን (ገበሬው በየዓመቱ እያዋጣ የሚታከምበት) ሙከራ ሲጀመር አንዱ የእኛው ሊሙ ኮሳ ነበር። ከዚያ በፊት እንዴት እንደነበር ታስታውሺ ይሆናል። ቡናው ሳይደርስ በክረምት ልጅ ከታመመ ሰው ወይ ይበደራል፣ ወይ ገና ያልተለቀመውን ቡና በርካሽ ያስይዛል፣ ወይ «ይሻለው ይሆናል» ብሎ ቤት ይቀመጣል። ወደ እኛ የሚመጣው ሕመሙ ከጠና በኋላ ነው። መድህን ያለው ሰው ግን ትኩሳቱ እንደጀመረ ይመጣል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለዚህ ስል ማንም እንዲያጣጥለው አልፈልግም።

በፈቃድ ሲሆን ግን ቤቱ በሽተኛ ያለበት ሰው ቀድሞ ይመዘገባል። ጤነኛው ደግሞ «ዘንድሮ ይለፈኝ» ይላል። እንዲህ ሲሆን መዋጮው ከሚጠራቀምበት የጋራ ቋት የሚወጣው ከሚገባው ይበልጣል። ግዴታ ይሁን የሚሉት ሰዎች እዚህ ላይ እውነት አላቸው።

አሁን ወደ እናትሽ መድኃኒት ልምጣ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው። ጤና ጣቢያው አባሉን ብር ሳይቀበል ያክማል። ከዚያ የክፍያ ጥያቄውን አዘጋጅቶ ለወረዳው መድህን ጽሕፈት ቤት ይልካል። እዚያ ተመርምሮ ብሩ ይለቀቃል። ብሩ ሲዘገይ ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚገዛበት የውስጥ ገቢ ያጥረዋል። ለጤና ተቋማት መድኃኒት የሚሸጠው የመንግሥት የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ጅማ ላይ ቅርንጫፍ አለው፣ ነገር ግን እሱም የሚሠራው በተዘዋዋሪ ፈንድ ነው፤ የሸጠበትን ሰብስቦ ነው መልሶ የሚገዛው። ስለዚህ ወረዳ ላይ ጠረጴዛ ላይ የተኛ ወረቀት ዞሮ ዞሮ የእኛን መደርደሪያ ባዶ ያደርገዋል።

አንድ የደም ግፊት ሕመምተኛ አባት ነበሩ። የመድህን ደብተራቸውን ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልለው ይመጣሉ። አንድ ቀን የግፊት መድኃኒታቸው አምሎዲፒን አልቆብን ማዘዣቸው ላይ «የለም» የሚለውን ማኅተም መታሁ። «ልጄ፣ ከፍዬበት የለ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ወጥተው ከግል ፋርማሲ የወሩን ሳይሆን የጥቂት ቀን ብቻ ገዙ። በምዝገባው ወቅት አላደሱም። ጎረቤቶቻቸውም ይህን ሰምተዋል። ሰውን በሕግ አስገድዶ ማስከፈል ይቻላል፤ እኚህን አባት ግን በማስገደድ ብቻ ማሳመን አይቻልም።

ስለዚህ ሕጉ ውስጥ ሁለት ነገር እንዲገባ እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ ለጤና ተቋም የሚከፈለው ብር የጊዜ ገደብ ይኑረው፣ ያዘገየውም ይጠየቅ። አንድ ወረዳ ብቻውን ትንሽ ቋት ስለሆነ ቋቱም ቢያንስ በዞን ደረጃ ይሰብሰብ።

ሁለተኛ፣ የመንግሥት ድርሻ በጀት ላይ በግልጽ ይቀመጥ። መክፈል ለማይችሉት የሚሸፍኑት ክልልና ወረዳ ናቸው፣ ፌዴራል ደግሞ ድጎማ ያደርጋል። ይህም በጊዜው ካልገባ ለጤና ተቋም ከሚከፈለው ብር መዘግየት ምንም ልዩነት የለውም። የአፍሪካ መሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. አቡጃ ላይ ከበጀታቸው ቢያንስ 15 በመቶውን ለጤና እንመድባለን ብለው ነበር። በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር የአሜሪካ እርዳታ ሲቋረጥ በሰው ገንዘብ መተማመን ምን እንደሚያመጣ አይተናል።

አንድ የሚያንገበግበኝ ነገርም ልጨምር። ለደመወዝተኛው የማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690/2002 የወጣው ከገበሬው ሙከራ በፊት ነው። ሠራተኛው 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ እንዲያዋጡ ታስቦ ነበር። ሠራተኛው ደመወዜ አይቆረጥ ሲል ጉዳዩ ዓመታት ቆየ። ገበሬው ሲያጉረመርም ግን ማን ይሰማዋል? እኔም ደመወዝተኛ ነኝ፤ ግዴታ ከሆነ ከእኛም ይጀምር።

ለአሁኑ የእናትሽን አባልነት እንዳታቋርጪ። መድኃኒት ሲጠፋ ማዘዣው ላይ ማኅተም ይመታልሽ፣ የገዛሽበትን ደረሰኝም ያዢ። ሁለቱን ይዘሽ ወረዳው መድህን ጽሕፈት ቤት ሂጂና ብሩን ይመልሱ እንደሆነ፣ ውል የገቡበት ፋርማሲም ካለ ጠይቂ። በአንዳንድ ከተሞች የከተማ አስተዳደር ከሆኑት ከነማ ፋርማሲዎች ጋር እንዲህ ዓይነት ውል አለ። ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ስትሄዱ ደግሞ መጀመሪያ ከጤና ጣቢያው ሪፈር አጽፉ፤ ያለ ሪፈር ከሄዳችሁ ወጪው ወደ እናንተ ሊዞር ይችላል።