ፕላን፣ ግንባታና የሰፈር ሰው፦ ጅማዎች ጠይቁ

የድሮ ፕላነር፦ ሰላም ጅማዎች። ዕድሜዬን በከተማ ፕላን ሥራ ጨርሼ ጡረታ ላይ ነኝ። የሰፈር ሰው በፕላንና በግንባታ ውሳኔ ላይ ድምፁን እንዴት ያሰማል የሚለውን ጠይቁኝ። ካሳና ሊዝ አትጠይቁኝ። ከሁሉ በፊት፣ ሳታነቡ አትፈርሙ።

የቦሳ ልጅ፦ ጋሼ፣ ከቤታችን ጀርባ ፎቅ ሊሠራ ነው። ጎረቤት ሳይስማማ ፈቃድ ይሰጣል እንዴ?

የድሮ ፕላነር፦ ይሰጣል። በሕንፃ አዋጁ ሰውየው መጀመሪያ የሚጠይቀው የፕላን ስምምነት ነው። ሊሠራ ያሰበው ከከተማው ፕላን ጋር ይሄዳል ወይ፣ በቃ። ያንተ መውደድና መጥላት እዚያ ቅጽ ላይ የለም። ፕላኑ ሰፈራችሁን ቅይጥ፣ ማለትም መኖሪያም ንግድም የሚሠራበት፣ ብሎ ቀለም ከቀባው ፎቁ ይመጣል። ስለዚህ መናገር የነበረባችሁ የመላ ከተማው መዋቅራዊ ፕላን ወይም የሰፈሩ የአካባቢ ልማት ፕላን ሲዘጋጅ ነበር፤ የፕላን አዋጁም (574/2000) ሕዝቡ እንዲሳተፍ የሚለው እዚያ ላይ ነው። ሰው ግን ካርታ ተዘርግቶ ሲጠራ አይመጣም። ኤክስካቫተር ሲመጣ ይመጣል።

ቡና ነጋዴ፦ እኛስ መጥተን ነበር። ሻይ ጠጣን፣ ፈረምን። በኋላ «ኅብረተሰቡ ተስማምቷል» ተባለ።

የድሮ ፕላነር፦ ይኸው! ሃያ ጊዜ አይቼዋለሁ። አንድ ከተማ ስሠራ በር ላይ ስም የሚጻፍበት ወረቀት ዞረ፣ የመገኘት ፊርማ ተብሎ። ከወር በኋላ ያው ወረቀት ከቃለ ጉባኤ ጀርባ ተያይዞ የስምምነት ፊርማ ሆኖ አገኘሁት። ተሟገትኩ፣ ማን ሰምቶኝ። ስለዚህ ወረቀቱ ራስጌ ላይ ምን እንደተጻፈ እዩ። ባዶ ከሆነ ራሳችሁ «ለመገኘት ብቻ» ብላችሁ ጻፉና ፈርሙ። የተቃወማችሁት ነገር ቃለ ጉባኤው ውስጥ መግባቱን ሳታዩ አትነሱ፤ ያልተጻፈ ተቃውሞ ቡና ላይ እንደተወራ ወሬ ነው። ቃለ ጉባኤው በአፋን ኦሮሞ ነው፣ የማታነቡ አስነብቡ። ደግሞ ብቻችሁን አትሂዱ። እድራችሁ ሦስት ሰው ይወክል፣ በጽሑፍ ያስገባ፣ ቅጂው ላይ የገቢ ማህተም ያስመታ።

ሂርማታ፦ ካሳ በካሬ ስንት ነው?

የድሮ ፕላነር፦ አልኩ እኮ።

ተከራይዋ፦ እኔ የቀበሌ ቤት ነው ያለሁት። ስብሰባ ላይ መናገር እችላለሁ?

ባለ ካርታ፦ ይቅርታ እህቴ፣ ግብር የምንከፍለው እኛ ነን። ተከራይ ነገ ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል።

ተከራይዋ፦ 22 ዓመት ኖሬበታለሁ! አንተ ካርታህን ይዘህ አዲስ አበባ አይደለህ?

ባለ ካርታ፦ የት እንደምኖር ምን አገባሽ?

ቡና ነጋዴ፦ የእሱ ግቢ እንኳን አጥር የለውም 😂

የድሮ ፕላነር፦ ተዉ እንጂ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ንዑስ 2 ላይ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት አላቸው ይላል። ዜጎች ነው፣ ባለ ካርታ አይልም። ተናገሪ ልጄ።

የጊንጆ፦ የቦዬን ረግረግ ሰው አፈር እየሞላበት ቤት ቢሠራበትስ?

የድሮ ፕላነር፦ ይሄ የሚያንገበግበኝ ነው። አዌቱ ከተማችንን ሰንጥቆ ቦዬ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ግልገል ጊቤ። ክረምቱን ታውቁታላችሁ። ረግረጉ እንደ ስፖንጅ ውሃውን ይዞ ቀስ እያለ ነው የሚለቀው። አፈር ከደፋህበት ውሃው ሰው ቤት ይገባል። ጥናት የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ከሆነ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጁን (299/1995) አንሱ። ሪፖርቱ ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት፣ አስተያየትም ይጠየቅበታል። «ሪፖርቱን አሳዩን» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል የጠየቀ በቃል ይሸኛል።

ኮቺ፦ ፎቅ ሲሠራ የጎረቤት ፊርማ ያስፈልጋል?

የድሮ ፕላነር፦ ከላይ አንብብ።

አጂፕ፦ ስለ ፕላን በአጠቃላይ ምን ይመክሩናል?

የድሮ ፕላነር፦ በአጠቃላይ ምንም። ቦታውን፣ ምን ሊሠራ እንደሆነና ምን ወረቀት እንደደረሰህ ጻፍ።

ጅሬን፦ ጎረቤቴ መሠረት እየቆፈረ አጥሬ ሊወድቅ ነው። ሕንፃው ባለ አምስት ፎቅ ነው።

የድሮ ፕላነር፦ እንዲህ ነው ጥያቄ። ለእንዲህ ያለ ረጅም ሕንፃ ቁጥጥሩ ጠበቅ ይላል። እዚህ ላይ ጎረቤት መብት አለው፤ ቆፋሪው ያንተን ንብረት መጠበቅ አለበት። ዛሬውኑ አጥሩን ከነስንጥቁ ፎቶ አንሳ፣ ለሕንፃ ሹሙ፣ ማለትም ግንባታ ለሚፈቅደውና ለሚቆጣጠረው የከተማው ኃላፊ፣ በጽሑፍ አመልክት። ከጎረቤትህ ጋር ደግሞ አትጣላ፣ አብራችሁ ነው የምትኖሩት።

ሰጦ፦ ጋሼ፣ እኔ ትናንት ስብሰባ ላይ ሳላነብ ፈርሜያለሁ። አሁንስ?

የድሮ ፕላነር፦ ኤዲያ! ነገ ጠዋት ሄደህ የቃለ ጉባኤውን ቅጂ ጠይቅ። ያልተስማማህበትን በደብዳቤ ጻፍ፣ ቀን አድርግበት፣ ማህተም አስመታ። ቅጂ ስትቀበል ፈርም ይሉሃል። እሱንም አንብብ።